አሥራ ሁለት ዓመት የዘገየ መርዶ

ቁጥሮቹን ብዙዎቻችን በቃላችን ይዘናቸዋል። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ውጤታቸው ከተገለጸው 896,520 ተማሪዎች መካከል 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 29,909 ብቻ ነበሩ፤ 3.3 በመቶ ማለት ነው። በ2015 ዓ.ም. ከ845,099 ተፈታኞች 27,267፣ ይኸውም 3.2 በመቶ። ቀጥሎ 5.4፣ ከዚያም በ2017 ዓ.ም. 8.4 በመቶ። ውጤት በወጣ ቁጥር ማኅበራዊ ሚዲያው ለአንድ ሳምንት ይንጫጫል። አንዱ «የቲክቶክ ትውልድ» ብሎ ተማሪውን ይሰድባል፣ አንዱ መንግሥትን ይወቅሳል፣ ቀልደኛው ይቀልዳል። በስምንተኛው ቀን ሌላ አጀንዳ ይመጣና ነገሩ ይረሳል።

እኔ ዛሬ «ጥፋቱ የማን ነው?» የሚለው ክርክር ውስጥ መግባት አልፈለግሁም። የሚያሳስበኝ ከዚያ በፊት መጠየቅ ያለበት፣ ግን ብዙም የማይጠየቅ ጥያቄ ነው። ፈተና ራሱ ምን ይሠራል? አንድ ሀገር ልጆቿን የምትፈትነው ምን ለማወቅ ነው? ካወቀች በኋላስ ምን ታደርግበታለች?

ራሴን ላስተዋውቅ። የተማርኩት ኢኮኖሚክስ ነው። የ8ኛ ክፍል ሚኒስትሪን፣ የ10ኛን፣ የ12ኛን ተፈትኜ፣ በዚያ ላይ በ2015 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲ መውጫ ፈተና ሲጀመር የመጀመሪያው ባች ላይ የደረስኩ ነኝ። ምን አለፋችሁ፣ የፈተና ልጅ ነኝ። ከተመረቅኩ ወዲህ ደግሞ ከጽሑፉ ጎን ለጎን የቤት ለቤት አስጠኚ ሆኜ እሠራለሁ። (አዲስ አበባ ውስጥ አንድ አዲስ የኢኮኖሚክስ ምሩቅ ከሚያገኛቸው ሥራዎች ይሄ ከተሻሉት አንዱ ነው፤ ብትስቁም እውነት ነው።) ስለዚህ ነገሩን ከሁለቱም በኩል አየዋለሁ፤ ከተፈታኙም፣ ለፈተና ከሚያዘጋጀውም።

እስቲ ከቁጥሩ እንጀምር። ብዙ ሰው 3.3 በመቶ ሲሰማ «ድሮ ስንት ነበር?» ብሎ ማነጻጸር ይጀምራል። ንጽጽሩ ግን ብዙ አያስኬድም። ከ2014 በፊት በየዓመቱ ዩኒቨርሲቲዎች ስንት ተማሪ መቀበል እንደሚችሉ ይታይና የመግቢያ ነጥቡ እዚያ ላይ ይቆረጥ ነበር። ቦታው ሲሰፋ ነጥቡ ዝቅ ይላል፣ ሲጠብ ከፍ ይላል። በእኛ ሙያ ይሄ ዋጋ ይባላል፤ ፍላጎትና አቅርቦት የሚገናኙበት ቦታ ነው። በዚያ ጊዜ «አለፈ» ሲባል «ከእኩዮቹ በለጠ» ማለት እንጂ «ትምህርቱን ያውቃል» ማለት አልነበረም። ከ2014 ወዲህ መስመሩ ግማሽ ላይ ተቸከለ። ጥያቄውም «ከማን በለጥክ?» መሆኑ ቀርቶ «ከቀረበልህ ግማሹን ትመልሳለህ ወይ?» ሆነ።

ግማሽ ምን ያህል ከባድ ነው? ይሄን ቁጭ ብዬ አሰላሁት። ፈተናው ምርጫ ነው። አራት ምርጫ ባለው ጥያቄ ላይ ዓይኑን ጨፍኖ የሚያጠቁር ሰው በአማካይ 25 በመቶ ያገኛል። አሁን ደግሞ ከጥያቄዎቹ አንድ ሦስተኛውን በእርግጠኝነት የሚያውቅ፣ የቀረውን ሁለት ሦስተኛ በሙሉ በግምት የሚሞላ ተማሪ እናስብ። ከሚያውቀው 33 በመቶ ያገኛል፣ ከግምቱ ደግሞ የሁለት ሦስተኛ ሩብ፣ ማለትም ወደ 17 በመቶ። ሲደመር 50። እንግዲህ ለማለፍ የሚያስፈልገው ግማሹን ማወቅ እንኳ አይደለም፤ ሲሶውን ማወቅ ነው። የ3.3 በመቶን ትርጉም በዚህ ዓይን ስታዩት ይከብዳል። ከመቶ ዘጠና ስድስት የሚሆኑት ልጆቻችን 12 ዓመት ተምረው የተጠየቁትን ሲሶ በእርግጠኝነት አላወቁም እንደማለት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ማንሳት አለብኝ። ጥያቄዎቹ በእንግሊዝኛ ናቸው። የማስጠናቸው ልጆች ላይ ደጋግሜ የማየው ነገር ነው፦ የፊዚክሱን ጥያቄ በአማርኛ ሳስረዳ ሦስተኛው ዓረፍተ ነገር ላይ ሳልደርስ መልሱን ይነግሩኛል። በእንግሊዝኛ ወረቀቱ ላይ ሲያዩት ግን ይደነግጣሉ። ታዲያ ያ ልጅ የወደቀው ፊዚክስ ነው ወይስ እንግሊዝኛ? ፈተናው ሁለቱን ለይቶ አይነግረንም። የፊዚክስ ውጤቱ ላይ «31» ብሎ ጽፎ ያልፋል።

ሁለተኛው የ2014 ለውጥ የቦታ ለውጥ ነው። ፈተናው ከየትምህርት ቤቱ ወጥቶ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ መሰጠት ጀመረ፤ ስልክ ተከለከለ፣ ፈታኞቹም የዩኒቨርሲቲ መምህራን ሆኑ። ይሄ ለምን እንዳስፈለገ ለመረዳት ወደኋላ መሄድ ነው። በ2008 ዓ.ም. ፈተናው ሾልኮ ማኅበራዊ ሚዲያ ላይ ተለቀቀ፣ ተሰርዞም ሌላ ጊዜ እንደገና ተሰጠ። በ2009 ዓ.ም. ደግሞ እንዳይሾልክ ተብሎ የሀገሪቱ ኢንተርኔት ተዘጋ። በ2011 ዓ.ም.፣ በእኛ ጊዜ ማለት ነው፣ ውጤቱ ሲወጣ አንዳንድ የትምህርት ዓይነቶች ላይ ያልተለመደ ግሽበት ታየና የዩኒቨርሲቲ ምደባው በአራት የትምህርት ዓይነቶች ውጤት ብቻ እንዲሆን ተወሰነ። ሌት ተቀን ያጠናኸው ትምህርት፣ አጥንተህ ያመጣኸው ውጤት፣ «አይቆጠርም» ሲባል ምን እንደሚሰማ የዚያ ዓመት ተፈታኝ ያውቀዋል።

ፈተና ክፍል ውስጥ የነበረውንም የሚያውቅ ያውቀዋል። ጎበዝ ተማሪ ፈተና ሲቃረብ ወዳጁ ይበዛል። በአንዳንድ ቦታ ፈቃዱ ሳይጠየቅ «ለክፍሉ የሚሠራ» ተብሎ የተመደበ ልጅ ነበር፤ እምቢ ካለ ውጭ ይጠበቃል። ርዕሰ መምህሩም ዓይኑን ይመልሳል። ለምን ይመልሳል? እሱም የሚለካው «ስንት አሳለፍክ?» ተብሎ ነዋ! ወረዳው ለዞን፣ ዞኑ ለክልል የሚያቀርበው ሪፖርት ያው የማለፊያ መቶኛ ነው። ቻርልስ ጉድሃርት የሚባል እንግሊዛዊ ኢኮኖሚስት እ.ኤ.አ. በ1975 ስለ ገንዘብ ፖሊሲ ሲጽፍ ያነሳት ሐሳብ አለች፤ በስሙ የጉድሃርት ሕግ ትባላለች። ባጭሩ፣ የምትለካበትን ነገር ዒላማ ካደረግከው ሰው ሁሉ ቁጥሯን ለማሳመር ይሯሯጣል፣ ቁጥሯም ስለ እውነታው መናገር ታቆማለች። ኢኮኖሚክስ ክፍል ስማራት ስለ ወለድና ስለ ገንዘብ አቅርቦት መስላኝ ነበር የማጠናት። የእኛን የፈተና ታሪክ ከዚያች ሐሳብ በላይ የሚገልጽልኝ ግን እስካሁን አላገኘሁም።

ስለዚህ ለሃቅ ሲባል መነገር አለበት፦ ፈተናውን ወደ ዩኒቨርሲቲ ማውጣቱ ትክክል ነበር። ውሳኔውን የመሩት የትምህርት ሚኒስትሩ ፕሮፌሰር ብርሃኑ ነጋ ራሳቸው የኢኮኖሚክስ ሰው ናቸው፤ የተበላሸ መለኪያ ምን እንደሚያደርግ ከማንም በላይ ይገባቸዋል ብዬ አስባለሁ። በ2014 የልጆቹ ጭንቅላት በአንድ ሌሊት አልጠፋም። የጠፋው ማጭበርበሪያው ነው። ቴርሞሜትሩ ለመጀመሪያ ጊዜ ትኩሳቱን በትክክል አነበበ፣ እኛም ደነገጥን።

ከዚያ ወዲህ ያለው መሻሻልስ? 3.2 ወደ 8.4 ሲያድግ ደስ ይላል፣ ግን ተካፋዩንም አካፋዩንም ማየት ያስፈልጋል። በ2017 የተፈተኑት 585,882 ናቸው፤ ከ2014ቱ በ310 ሺሕ ያነሱ። ያለፉት ደግሞ 48,929። ያለፉትን በ2014ቱ የተፈታኝ ብዛት ብናካፍላቸው 5.5 በመቶ ገደማ ይሆናሉ። ስለዚህ ከጭማሪው ውስጥ እውነተኛ ዕድገት አለ፣ ቁጥሩ ብቻውን ከሚያሳየው ግን ያነሰ ነው። እነዚያ የቀሩት ልጆች የት ናቸው? በአማራ ክልል በግጭቱ ምክንያት የተዘጉ ትምህርት ቤቶችን አስቡ። የትግራይ ልጆችም በኮቪድና በጦርነቱ ዓመታት ባከኑባቸው። ያልተፈተነ ልጅ አልወደቀም፣ ስለዚህ ስሌቱ ውስጥ የለም። መቶኛ ብቻ የሚያይ ሰው እነሱን አያያቸውም።

አሁን ወደ ዋናው ቅሬታዬ ልምጣ። ቴርሞሜትሩ ተስተካክሏል፣ እሺ። ግን የምንለካው መቼ ነው? ሕመምተኛው 12 ዓመት ከታመመ በኋላ! በ2014 ፈተና 1,161 ትምህርት ቤቶች አንድም ተማሪ አላሳለፉም። አንድም! ይሄ ማለት በእነዚያ ትምህርት ቤቶች ውስጥ ትምህርት ከጊዜ በኋላ የተበላሸ ሳይሆን ከሥር ጀምሮ ያልነበረ ነገር ነው ማለት ነው። ያ ደግሞ በ12ኛ ክፍል ሐምሌ ላይ የሚታወቅ ጉዳይ መሆን አልነበረበትም።

ከታች ምልክት አልነበረም እንዳይባል፣ ነበረ። ሀገራችን ከ1990ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ በናሙና የሚካሄድ የትምህርት ቅበላ ጥናት አላት፤ በ4ኛና በ8ኛ ክፍል፣ ኋላም በ10ኛና በ12ኛ። ውጤቱ በየዙሩ ዝቅተኛ ነበር። በ2002 ዓ.ም. በተደረገ የመጀመሪያ ደረጃ የንባብ ምዘና ደግሞ ከሦስት የ2ኛ ክፍል ተማሪዎች አንዱ ገደማ ከቀረበለት ምንባብ አንዲት ቃል ማንበብ አልቻለም። ልብ በሉ፣ በአፍ መፍቻ ቋንቋው ነው። በ2014 የ12ኛ ክፍልን ፈተና የወሰዱት ልጆች ያኔ ገና ትምህርት ቤት ሊገቡ ነበር። እነሱ ደብተር ሳይገዙ ሪፖርቱ ጠረጴዛ ላይ ነበር ማለት ነው። የዓለም ባንክም «የመማር ድህነት» በሚለው መለኪያው ለኢትዮጵያ ያስቀመጠው 90 በመቶ ገደማ ነው፤ ከአሥር የአሥር ዓመት ልጆች ዘጠኙ ቀላል ጽሑፍ አንብበው መረዳት አይችሉም እንደማለት።

ታዲያ እነዚህ ልጆች ከክፍል ክፍል እንዴት አለፉ? መልሱ የክፍል ውስጥ ምዘናው ላይ ነው። የ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ «ተከታታይ ምዘና» የሚባል መልካም ሐሳብ ይዞ መጣ። መምህሩ በየጊዜው እየመዘነ፣ ልጁ የቱ ጋ እንደተቸገረ እያየ፣ እየደገፈ ይሄዳል ነው ሐሳቡ። ከ1ኛ እስከ 3ኛ ክፍል ያለው ነፃ ዝውውርም የቆመው በዚሁ ላይ ነበር፤ መምህሩ እየመዘነ ስለሚደግፍ ልጅን መጣል አያስፈልግም። መሬት ላይ ሲወርድ ግን ከሁለቱ የተረፈው ዝውውሩ ብቻ ሆነ።

መምህሩን ለመውቀስ ከመቸኮል በፊት አንድ ቀላል ስሌት እንሥራ። አምስት ክፍል የሚያስተምር የሒሳብ መምህር፣ በክፍል 60 ተማሪ ቢይዝ 300 ተማሪ አለው። (60 ብዬ አሳምሬላችሁ ነው፤ የእኔ ክፍል ከዚያ ይበልጥ ነበር።) አንድ አጭር የጽሑፍ ፈተና ሰጥቶ ለእያንዳንዱ ወረቀት አምስት ደቂቃ ብቻ ቢሰጥ 1,500 ደቂቃ፣ ማለትም 25 ሰዓት እርማት ነው። ለአንድ ቴስት! ደመወዙ ደግሞ ወር የማያደርሰው ስለሆነ ከሰዓት በኋላ ሌላ ሥራ አለበት። ምን ያደርጋል? ምርጫና እውነት/ሐሰት ይሰጣል፣ የቀረውን በግሩፕ ወርክ ይሞላል። በግሩፕ ወርክ አንዷ ትሠራለች፣ አምስት ስም ይጻፋል፣ አምስቱም ከ10 ዘጠኝ ያገኛሉ። ለደብተር 5፣ ለክፍል ተሳትፎ 5። ሮስተሩ ሞላ፣ ልጁ አለፈ፣ ርዕሰ መምህሩ ተደሰተ፣ ወላጅም ተደሰተ። ሁሉም ሰው ለራሱ የሚበጀውን አደረገ፣ ድምሩ ግን ኪሳራ ሆነ። ኢኮኖሚክስ ውስጥ ለዚህ ዓይነቱ ነገር ምዕራፍ ሙሉ አለ።

የግል ትምህርት ቤት ሲሆን ገበያው ይጨመርበታል። ከማስጠናቸው መካከል አንድ የ4ኛ ክፍል ልጅ አለ። ካርዱ ላይ አማካዩ 94 ነው። የመጀመሪያ ቀን ከመጽሐፉ አንድ አንቀጽ እንዲያነብልኝ ሰጠሁት፤ ፊደል እየቆጠረ አምስት መስመር ለመጨረስ ብዙ ደቂቃ ወሰደበት። ሲጨርስ ምን እንዳነበበ ጠየቅሁት፣ አላወቀም። እናቱን ሳማክራቸው አላመኑኝም። «ቲቸር፣ ልጁ እኮ ሦስተኛ ነው የወጣው!» አሉኝ። ሦስተኛ መውጣቱ እውነት ነው። የማያነቡ ልጆች መካከልም ሦስተኛ የሚወጣ አለ። ቤታችን ውስጥ ካርድ ሲመጣ መጀመሪያ የሚጠየቀው «ስንተኛ ወጣህ?» ነው፤ «ምን አወቅህ?» ብሎ የጠየቀኝ ዘመድ አላስታውስም። ያ ትምህርት ቤት ሐቁን ጽፎ 50 ቢሰጠው ደግሞ እናቱ በዓመቱ መጨረሻ ልጃቸውን 94 ወደሚሰጥ ሌላ ትምህርት ቤት ይወስዱታል። ሌላውም ትምህርት ቤት ይሄን ያውቃል።

«እንግዲያው ፈተና ይቅር» የሚሉ አሉ። በተለይ ውጭ ሀገር የኖሩ ሰዎች፣ ፊንላንድን እየጠቀሱ። በዚህ አልስማማም፣ ጠንከር አድርጌም አልስማማም። ማይክል ስፔንስ የሚባል ኢኮኖሚስት እ.ኤ.አ. በ1973 ባሳተመው ሥራው የትምህርት ማስረጃ ለቀጣሪ የሚያስተላልፈው «ምልክት» ነው ብሎ አሳይቷል፤ በ2001 ከጆርጅ አከርሎፍና ከጆሴፍ ስቲግሊትዝ ጋር ኖቤል የተሸለመውም በዚህ ዙሪያ በሠራው ነው። ምልክት የሚሠራው ለማስመሰል የሚከብድ ሲሆን ነው። ፈተናን ብናነሳ ቦታው ባዶ አይሆንም። ቦታውን የሚሞላው የአባት ስልክ ነው። «እገሌን አውቃለሁ» የሚል ነው። ከወረዳ ከተማ ለመጣች የገበሬ ልጅ ያ ወረቀት በዚህ ሀገር ማንንም ሳታውቅ የምትገባበት ብቸኛ በር ነው። በሩን ማጥበብም ማስፋትም ይቻላል፣ መንቀል ግን እሷን መዝጋት ነው።

የመውጫ ፈተናውን ያየሁትም በዚህ ዓይን ነው። በ2015 የመጀመሪያው ዙር 150,184 ተፈትነን ያለፈው 40.65 በመቶ ነበር። ከመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች 62.37 በመቶ ሲያልፍ ከግል ተቋማት ያለፈው 17.2 በመቶ ብቻ ነው። ስንቱ ቤተሰብ በሬ ሸጦ፣ ዓረብ ሀገር ያለች እህት ደመወዝ ተልኮለት፣ አራት ዓመት ከፍሎ ያስተማረው ልጅ ነው እዚያ 82.8 በመቶ ውስጥ ያለው? ፈተናው ጨካኝ ነበር። ግን ጭካኔው የጀመረው ፈተናው ቀን አይደለም፤ ተቋሙ ክፍያ እየተቀበለ ዓመት ከዓመት «ጎበዝ» እያለ ያሳለፈ ቀን ነው። ያም ሆኖ ጥያቄው ያው ነው፦ ለምን መጨረሻ ላይ? በመጀመሪያው ዓመት ማብቂያ ላይ ቢነገረው ኖሮ ቢያንስ የሦስት ዓመት ክፍያ ይተርፈው ነበር።

የኢኮኖሚክስ ሰዎች ስለ ትምህርት ከሠሯቸው ሥራዎች በጣም የምወደው ሕንድ ውስጥ የተሠራው ነው። ፕራታም የሚባል ድርጅት ከ2005 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በጎ ፈቃደኞችን በየመንደሩ እየላከ ልጆችን ቤታቸው ድረስ ሄዶ ያስነብባል። መፈተኛው አንድ ወረቀት ነው፤ ፊደል፣ ቃል፣ አጭር አንቀጽ፣ ትንሽ ታሪክ። ልጁ የቱ ጋ እንደቆመ በደቂቃዎች ይታወቃል፣ እናትየው አጠገቡ ቆማ ታየዋለች። ቀጥሎ የመጣው ሐሳብ ደግሞ ልጆችን በቀን ለተወሰነ ሰዓት በዕድሜና በክፍል ሳይሆን በሚችሉት ደረጃ እየመደቡ ማስተማር ነው። የ5ኛ ክፍል ልጅ ፊደል ካልለየ ከፊደል ቡድን ጋር ይቀመጣል፣ ሲችል ወደ ቃል ይሻገራል። እነ አቢጂት ባነርጂና ኤስተር ዱፍሎ (የ2019 ኖቤል ተሸላሚዎቹ) ይሄን በተደጋጋሚ በጥናት ፈትሸው በአግባቡ ሲተገበር ንባብን በግልጽ እንደሚያሻሽል አሳይተዋል። ልዩነቱ ይታያችኋል? እዚያ ፈተናው ማንንም አያሳልፍም፣ ማንንም አይጥልም። ነገ ጠዋት ልጁ ምን መማር እንዳለበት ብቻ ይናገራል።

ይሄን ለመጀመሪያ ጊዜ ሳነብ የገረመኝ አዲስነቱ አይደለም፤ አያቴ የነገሩኝን የቄስ ትምህርት ቤት መምሰሉ ነው። የኔታ ዘንድ 1ኛ ክፍል፣ 2ኛ ክፍል የለም። ሀ ሁ ያልለየ አቡጊዳ አይገባም፣ ንባብ ያልጠራለት ዳዊት አይደግምም። አንዱ በስድስት ወር ይሻገራል፣ ሌላው ዓመት ከመንፈቅ ይፈጅበታል፤ የኔታ በየቀኑ እያንዳንዱን አስቀርበው ያስነብባሉ፣ ሲያቅተው እዚያው ያርማሉ። ቁርዓን የሚቀራበት ቤትም ልጁ ሉሑ ላይ የተጻፈለትን በቃሉ ሳይወጣ አጥቦ ሌላ አይጻፍለትም። ዱላውን አልናፈቅኩም። ሽምደዳውንም አላሞግስም። ግን «ያላወቀ አይሻገር፣ ያላወቀውንም ዛሬ እንወቅለት» የሚለው አሠራር ከፈረንጅ የሚመጣ አዲስ ነገር አልነበረም፤ ዘመናዊውን ስንገነባ የጣልነው ነው።

የዘንድሮው ወሬ ኦንላይን ፈተና ነው። በ2016 ተጀምሮ እየሰፋ ነው። ስርቆትን ለመከላከልና ውጤትን ለማፍጠን ጥሩ ነው፣ መብራትና ኔትወርክ እስካለ ድረስ። እኔን የሚያጓጓኝ ግን ሌላ ነገሩ ነው። ኮምፒውተሩ እያንዳንዱ ተማሪ የትኛውን ጥያቄ እንደሳተ ያውቃል። ወረቀቱንም ቢሆን የሚያርመው ማሽን ነበር፤ መረጃው ድሮም አለ። የትምህርት ምዘናና ፈተናዎች አገልግሎት ለእያንዳንዱ ትምህርት ቤት «ተማሪዎችህ ፐርሰንት ላይ ወድቀዋል፣ ኤሌክትሪሲቲ ላይ የሀገሩን አማካይ በልጠዋል» የሚል አንድ ገጽ ቢልክ ወጪው ስንት ነው? የ6ኛና የ8ኛ ክፍል ፈተናም በክልልና በከተማ ደረጃ ይሰጣል፤ ከዚያም የሚመለሰው ያው አጠቃላይ ቁጥር ነው። በዚያ ሁሉ ወጪ መረጃ እንሰበስብና አንድ ቁጥር ላይ ጨፍልቀን የቀረውን እንጥለዋለን።

በአንድ የገጠር ከተማ 3ኛ ክፍል የምታስተምር የአክስቴ ልጅ አለች። ባለፈው ዓመት ያን የሕንዶቹን ወረቀት ነገር ስነግራት ሳቀች። እሷ ሳትሰማው በፊት ነው የጀመረችው። መስከረም ላይ ስልሳ ሁለቱንም ልጆች ተራ በተራ ጠረጴዛዋ ጋ እየጠራች ታስነብባለች፤ ለአንዱ ሦስት ደቂቃ፣ በአራት ቀን ጨረሰችው። ደብተር ላይ በሦስት መደብ ጻፈቻቸው፦ ፊደል ያልለየ፣ ቃል የሚያነብ፣ አንቀጽ የሚያነብ። ያልለዩት አሥራ ዘጠኝ ነበሩ። በየቀኑ የመጨረሻውን ክፍለ ጊዜ በመደባቸው እያስቀመጠች አስተማረቻቸው፣ በየወሩም እንደገና እያስነበበች ስማቸውን ከመደብ መደብ አዘዋወረች። ሰኔ ላይ ያልለዩት አራት ቀሩ።

ርዕሰ መምህሩ ወዷታል፣ ሱፐርቫይዘር ሲመጣም ደብተሩን አሳይቶላታል። ሱፐርቫይዘሩ ግን ይዞት የመጣው ቅጽ ላይ ለዚህ የሚሆን ቦታ አልነበረም፤ አማካይ ውጤትና የተዛወረ ተማሪ ብዛት ሞልቶ ሄደ። አራቱ ልጆች ዘንድሮ 4ኛ ክፍል ገብተዋል። ደብተሩን ለ4ኛ ክፍሉ መምህር አስረክበሽ እንደሆን ብዬ ጠየቅኳት።

«ማን ጠይቆኝ?» አለችኝ። ቤቷ ቁም ሳጥን ላይ ነው ያለው።